መርዶ ወደ ሱምበርጃቲ

ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ይህ አይላክም)

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለኂሩት። ሰላምታዬ ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሳይረጥብ ይድረስሽ።

እናትሽ ኤልፍነሽ አርፋለች።

ይኸው ጻፍኩት። ብዕሩም አልነጠፈ፣ እጄም አልደረቀ። ግን አይላክም።

ትናንት እሑድ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ከካውንስሉ የመጡ መሰለኝ። ስለ መታጠቢያ ቤቱ ሻጋታ ኮምፕሌን ካደረግሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እነሱ ደግሞ ሰው በተኛበት ሰዓት መጥተው «አላገኘንዎትም» የሚል ካርድ ጥለው መሄድ ይወዳሉ። ስከፍት የእድራችን ሰዎች ናቸው። ነጠላቸውን ከወፍራም ጃኬታቸው በላይ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሳዶቅ ከፊት ቆሞ «ደምመላሽ፣ እንግባ?» አለኝ። ሳዶቅ በሃያ ዓመት ጉርብትናችን እንግባ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ያኔ ገባኝ። አስቀመጡኝ፣ ግራና ቀኝ ያዙኝ፣ ከዚያ ነገሩኝ።

ደላንታ ስልክ ከተቋረጠ ወራት ሆኖታል። ወሬው በእግር ደሴ ወርዶ፣ ከደሴ በስልክ ለሳዶቅ ደረሰው። በፍልሰታ ማብቂያ ታመመች፤ እንቁጣጣሽን አላየችም።

አሁን የእኔ ጥያቄ፣ አንቺን ማን ይያዝሽ? መርዶ ሰው በሌለበት አይነገርም። አንቺ ያለሽው ጃቫ የሚባል ደሴት ላይ፣ አማርኛ የሚሰማ አንድ ነፍስ በሌለበት የሩዝ መንደር ውስጥ ነው። ልደውል ብል ድምፄ ያሳብቅብኛል። ራስዋ ኤልፍነሽ «ደምመላሽ መዋሸት ቢችል ኖሮ ሚኒስትር ይሆን ነበር» ትል ነበር።

ይህን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ ሌላ እጽፍልሻለሁ።

አጎትሽ ደምመላሽ


ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኂሩት፣ ለባልሽ ለሱጊዮኖ፣ ስማቸውን በትክክል መጥራት ላልቻልኩት ለአማትሽም ጭምር፦ ዝናቡን በጊዜው፣ ጤናውን ሳያቋርጥ ይስጣችሁ።

ደብዳቤ ስታዪ አትደንግጪ። ጆሮዬን ስላመመኝ ሐኪሟ ስልክ ከልክላኛለች። የእሑድ ወሬያችን ለጊዜው በፖስታ ይሁን። ፖስታ ቤቱ ያለችው ልጅ ኢንዶኔዥያ ስላት ኮምፒውተሯን ሁለቴ ቼክ አደረገች፤ ከዚህ ሰፈር ወደዚያ የሚጽፍ ሰው እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ስለ እናትሽ አትጨነቂ፤ አሁን የሚያማት ነገር የለም። የደላንታ ስልክ ግን እንደተቋረጠ ነው።

አንድ ነገር ሳስብ ከረምኩ። ከጅዳ ተነሥተሽ እዚያ ስትገቢ «ደህና ደረስኩ» አልሽኝ፤ እኔም «ተመስገን» አልኩ፤ በዚያው ቀረ። የምትኖሪበትን መንደር አላውቀውም። ላይብረሪ ሄጄ ስለ ጃቫ የተጻፈ አንድ ያረጀ መጽሐፍ አገኘሁ። ደራሲው ስለ መስኖ ቦዩ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽፎ ሰዎቹን ረስቷቸዋል። ስለዚህ አንቺ ጻፊልኝ። ጎረቤቶችሽ እነማን ናቸው? ስትታመሚ ቀድሞ የሚደርስልሽ ማነው? ከጎንሽ የምትቀመጥ፣ እጅሽን የምትይዝ ሴት አለች? በአቅራቢያሽ ሐበሻ የሚባል ሰው በሰማይም በምድርም የለም?

ምንም ምክንያት የለኝም፤ ጡረታ የወጣ ሰው ምን ሥራ አለው።

አጎትሽ ደምመላሽ


ሱምበርጃቲ፣ ምሥራቅ ጃቫ
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ ለጋሼ ደምመላሽ፦ ከእግርዎ ጫማ እስከ ታመመው ጆሮዎ ድረስ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ያመጣው ፖስተኛ በሞተር መንደሩን ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ ሱቁ ውስጥ አገኘኝ። የእንግሊዝ ቴምብሩን የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቶት ነው የደረሰኝ። ፊደላችንን ሲያዩ የአስማት ጽሑፍ መስሏቸው አንዲት አሮጊት ለወገብ ሕመም ይሆን እንደሆነ ጠየቁኝ።

ስለ መንደሩ ጻፊ ብለዋል። እንግዲህ ሱምበርጃቲ ማለት እሳተ ገሞራ ተራራ እግር ሥር ያለች፣ ማሳዋ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ወደ ወንዝ የሚወርድ መንደር ናት። ማሳው ትንሽ ነው፤ በእኛው ላይ ከአንዱ ጫፍ ሆኖ ጮክ ብሎ የማይናገርን ሰው እንኳ ከሌላው ጫፍ መስማት ይቻላል። እዚህ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ውኃው በተራ ነው። የውኃ ዳኛ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ቦዩን በጭቃ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ከመንደሩ ሊቀ መንበር ይልቅ እሱ ይፈራል።

ወጣት የለም። ልጃገረዶቹ በሰው ቤት ሠራተኝነት ወደ ታይዋን፣ ወደ ሆንግ ኮንግ ሄደዋል። በላኩት ገንዘብ የሚያምር ቤት ተሠርቶ፣ ሸክላ ተነጥፎ፣ ውስጡ አንድ አያትና ዶሮዎች ይኖራሉ። የመንደሩ ሴቶች ወደ ጅዳም ለሥራ ሲሄዱ፣ ከጅዳ ሥራዬን ትቼ ወደዚህ የመጣሁ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የሚረዳልኝ አላገኘሁም። በመጀመሪያው ሳምንት ከጅዳ መጣች ብለው ቁርአን እንዳስተምር ጋበዙኝ። እኔ የማውቀው አረብኛ «ሽንኩርቱን ክተፊ፣ ጡጦውን አሙቂ» ነው አልኳቸው። እኔና ሱጊዮኖም ጅዳ ከተዋወቅን ጀምሮ እስካሁን የምንጣላውም የምንታረቀውም በዚሁ አረብኛ ነው። ለፍቅር አይበቃም፣ ለኑሮ ግን ይበቃል።

ከጎኔ የምትቀመጥ ሴት ብለዋል። አማቴ አሉ፤ ቡ ሱሚያቲ እንላቸዋለን፣ «ቡ» እንደ «እማማ» ነው። ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የማሳ ጎረቤቴ ቡ ዋርሲ ደግሞ ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም። ሐበሻ ግን የለም። ቡናቸው እንኳ አሸዋ አለው።

እማዬ ደህና ናት ስላሉኝ ደስ አለኝ። እርስዎ ካሉ እውነት ነው። ግን ጋሼ፣ የምን ጆሮ ነው ይህን ያህል የሚቆየው?

ኂሩት


ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኂሩት፦ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ቤቴ ሰው ያደረበት ቤት መሰለ። ለጻፉት እጆችሽ በረከት ይሁን።

የውኃ ዳኛችሁን ወደድኩት። እዚህ ቧንቧ የሚሠራ ሰው ለማግኘት አፕላይ አድርጎ ስድስት ወር መጠበቅ ነው።

ጆሮዬ እንዳለ ነው። እንደ ዕድሜ ነው፤ መምጣቱን እንጂ መሄዱን አላየሁም።

መጽሐፉን አንብቤ ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ ስለ ለቅሶ ግማሽ ገጽ አለው፤ እሱም ከመስኖ ጋር ስለሚያያዝ ይመስለኛል። አንዳንድ ነገር አልገባኝም። ለመሆኑ እዚያ አገር ሰው ሲሞት እንዴት ነው የሚነገረው? ሽማግሌ ይላካል? ማለዳ ነው ወይስ ማታ? ሟቹ ሩቅ አገር ያለ ሰው ቢሆንስ፣ ለምሳሌ ታይዋን፣ ወሬውን ለቤተሰብ የሚያረዳው ማነው? ይጮሃሉ፣ ደረት ይመታሉ፣ ወይስ ዝም ነው? ቡ ሱሚያቲ ደግሞ ራሳቸው ሐዘን ያውቃሉ? ማለቴ፣ ሰው ሲያለቅስ ሲያዩ ምን ያደርጋሉ?

ለእውቀት ያህል ነው። ያኤል ልጄ «ዳድ፣ አንተ ሪታየር ካደረግህ በኋላ ዊርድ ሆነሃል» ትለኛለች። ትርጉሙን አልጠየቅኋትም።

ሥጋ ብዪ። እንቅልፍ ተኚ። ከባድ ነገር አታንሺ።

አጎትሽ ደምመላሽ


ሱምበርጃቲ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ደምመላሽ፦ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይህን ዛሬ የምለው ለአፍ ያህል አይደለም።

የጠየቁኝን ልመልስ። እዚህ ሰው ሲሞት ሽማግሌ አይላክም። መስጊዱ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ስሙን ይናገራሉ። እገሌ የእገሌ፣ አርፏል፤ አለቀ። አንድ ጊዜ ከዚያው ማጉያ የክትባት ቀንም፣ የጠፋች ፍየልም፣ የሞተ ሰውም በተከታታይ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሴቶቹ ከየቤታቸው ሩዝ በሳፋ ሞልተው፣ በጨርቅ ሸፍነው ወደ ሟቹ ቤት ይሄዳሉ። ወንዶቹ የመንደሩን የላስቲክ ወንበሮች ያወጣሉ። ደረት መምታት የለም። ጮክ ብሎ ማልቀስ ነውር ነው፤ እንባ የሟቹን መንገድ ያጨቀየዋል ይላሉ። አማቴ ባላቸውን የቀበሩ ቀን ለእንግዳ ሁሉ ሻይ ሲያቀርቡ ነው የዋሉት። ሐዘን ያውቃሉ ወይ ብለው ነበር፤ ያውቃሉ። ግን እጃቸው ነው የሚያውቀው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ጋሼ፣ ምን ታመው ነው?

እኔ ልጅ አይደለሁም። ሰው ስልክ ትቶ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ስለ ለቅሶ የሚጠይቀው፣ «እንቅልፍ ተኚ፣ ከባድ አታንሺ» የሚለው መቼ ነው? የሚሰናበት ሰው ነው እንዲህ የሚጽፈው። መርዶዬን ማን እንደሚያረዳኝ እያፈላለጉ ነው አይደል? ደብዳቤዎን ለሱጊዮኖ ተረጎምኩለት፤ እሱም ያለው ይህንኑ ነው።

አይንገሩኝ፤ እሺ። ግን እማዬን አሰብኩ። እርስዎ አንድ ወንድሟ ነዎት። የእርስዎ ነገር አንድ ቀን ደላንታ ሲደርስ፣ ስልክ በሌለበት፣ ልጅ በሌለበት፣ ማን ይይዛታል? እኔ ከጎኗ መሆን አለብኝ። ስለዚህ ወሰንን። ማሳውን የመንደራችን ሀብታም ለሆኑት ለሐጂ ሙክሊስ በወለድ አገድ እንሰጣለን። ገንዘባቸውን እስክንመልስ ድረስ እሳቸው ያርሱታል፣ ምርቱም የእሳቸው ነው። በዚያ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ለጥምቀት ደላንታ እገባለሁ። ሱጊዮኖ «እሺ» ብሎ ማሳው ጫፍ ላይ ሄዶ እስኪመሽ ተቀመጠ። አባቱ የተወለት እሱን ብቻ ነው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ተፈራርመን ይሆናል። ለእማዬ መልእክት ካለዎት ይላኩልኝ፤ በአፌ እነግራታለሁ። ስለ ጤናዎ ምንም አልነግራትም።

ኂሩት


ኬንቲሽ ታውን፣ ለንደን
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኂሩት፤

ዛሬ የመግቢያ ምርቃት አልቻልኩም። በኋላ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ይህ ያንቺ እጅ ሲገባ ሁሉንም አውቀሽ፣ በሰው ተይዘሽ፣ አልቅሰሽ ወጥቶልሽ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። የታመምኩት እኔ አይደለሁም። ጆሮዬም ደህና ነው፤ ሁሉን ይሰማል።

ካነበብኩት በኋላ ያኤልን ከሥራ ጠርቼ፣ በስልኳ ለሱጊዮኖ ጻፍን። ስልኩ እንግሊዝኛውን ወደ ቋንቋቸው ይገለብጥለታል ብላኛለች። እንዲህ በዪው አልኳት፦ አማትህ አርፋለች፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ሰብስብና ኂሩትን አርዷት፤ ማሳውንም እንዳትሰጡ።

«ዳድ፣ ማርዳት ኢንግሊሽ ላይ ምንድነው?»

«ሞትን መንገር ነዋ።»

«ቴል ሄር ልበለው?»

«ቴልማ ለሁሉም ነገር ነው። ባቡር ዘገየም ቴል ነው። ክብደት ያለው ቃል ይሁን። አናውንስ በዪው።»

«ሹር ነህ?»

ሹር ነበርኩ። አርባ ዓመት በዚህ አገር መጽሐፍ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቃሉን በማግኘቴ ለአፍታ ደስ ሁሉ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅሽም።

ሱጊዮኖ «እንዳሉት አደርጋለሁ» ብሎ መለሰ። ስለ ማሳው ግን ምንም አላለም።

አጎትሽ


ሱምበርጃቲ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሼ ደምመላሽ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እርስዎም እህትዎን ነው ያጡት፤ እስካሁን ይህን እኔም አላልኩዎት፣ እርስዎም አላሉኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት፤ መቼም ማወቅዎ አይቀርም።

የዚያን ቀን ተከላ ነበር። እዚህ ሩዝ ሲተከል ሴቶች በመስመር ሆነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው ችግኙን ጭቃ ውስጥ የሚሰኩት። የቡ ዋርሲ ማሳ ላይ በወንፈል ነበርን። ሱጊዮኖ ለጸሎት መስጊድ ሄዶ ስለነበር ሳንተያይ ወጣሁ። በዋዜማው ማታ ዓይኑ ቀልቶ አይቼው ስለ ማሳው መስሎኝ አልጠየቅኩትም።

ብርሃን ሲሆን ማጉያው ተናገረ። እንደ ደንቡ የሐዘኑን ጸሎት ብለው፣ «ኢቡ ኤልፒነስ አርፈዋል» አሉ። «ኢቡ» ማለት ያው «ቡ» ነው፤ ቋንቋቸው «ፍ» የለውም፤ «ሽ»ም አይሆንላቸውም።

«ማን ናት?» አልኩ።

«ኤልፒነስ?» አለች ቡ ዋርሲ። «ከላይኛው መንደር ትሆናለች።»

«አውቃታለሁ?»

«እኔም አላውቃትም። ሩዝ ለማድረስ መተዋወቅ ያስፈልጋል እንዴ? ነይ፣ ያንቺ ቤት ሩቅ ነው፤ ከእኔ ውሰጂ።»

እግራችንን ቦዩ ላይ ታጠብን። ቡ ዋርሲ ቤት ሳፋ ሞላችልኝ፣ አበባ ያለው ጨርቅ አለበሰችልኝ። ሴቶቹ ሰው ወደሚጎርፍበት ፊት ፊት ሄዱ፤ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። መንገድ ላይ ስለ አይጥ መድኃኒት እያወራን ነበር። ወደ እኛ ሰፈር ሲታጠፉ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ወንዶቹ የላስቲክ ወንበሩን ሲደረድሩ አየሁ፤ በእኛ በር። መጀመሪያ አማቴ መሰሉኝ። አማቴ ግን ከቤት ወጡ፤ በእግራቸው ቆመዋል። ሱጊዮኖ መጣና በዚያ በኩሽናው አረብኛችን «እናትሽ» አለኝ። ሌላ ቃል አልነበረውም። ቢኖረውም እኔ አልሰማውም ነበር።

በእናቴ ለቅሶ እንደ እንግዳ ሩዝ ይዤ መጥቼ በር ላይ ቆምኩ። አማቴ ሳፋውን ከእጄ ተቀብለው ከሌላው ሩዝ ጋር ገለበጡት። መንደሩ ሁሉ መጣ። የውኃ ዳኛው ቦዩን ትቶ መጣ። እማዬን በስሟ እንኳ የማይጠራት ሰው ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ሃይማኖቷን የጠየቀ የለም።

ሱጊዮኖን አልተቆጣሁትም። መልእክትዎን አሳየኝ፤ የተጻፈውን ነው ያደረገው። በቋንቋቸው የወጣው ቃል መስጊዱ ክትባትና ፍየል የሚያስታውቅበት ቃል ነው። እርስዎንም አልቆጣም። ስልክ ደውለው ቢነግሩኝ ኖሮ ብቻዬን ወለል ላይ ነበር የምወድቀው፤ ይገባኛል።

ማሳው ግን ከሄደ ሳምንት አልፎት ነበር። ሱጊዮኖ ሐጂ ሙክሊስን ገንዘቡ ይመለስልዎ ቢላቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ «የተተከለ ሩዝ አይነቀልም» አሉ። ስለዚህ ገንዘቡ እንዳለ አለ፤ የምሄድለት ሰው የለኝም። በዚህ ሳምንት ማሳችን ላይ ለሐጂው በቀን ሥራ አረም አርሜያለሁ። ሱጊዮኖ በዚያ በኩል አያልፍም፤ ወደ ገበያ ሲሄድ በወንዙ ዞሮ ነው። እኔ ግን ደላንታ ልሄድ የነበረው ሊሞት ነው ባልኩት ሰው ምክንያት ነው፤ ያ ሰው ደህና ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ማመስገን አለብኝ፤ ሲሆንልኝ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የጻፍኩት።

ጋሼ፣ እኔ አላለቀስኩም። አልከለከሉኝም፤ ቢያፍሩም ይችሉኝ ነበር። አፌን ስከፍት ግን አይመጣም። እማዬ መሞቷን በጃቫኛ ሰማሁ፣ በአረብኛ ሰማሁ፣ በእርስዎም ደብዳቤ አነበብኩ። ማንም ግን በአማርኛ በአፉ አልነገረኝም። ሰምቻለሁ እንጂ አልተረዳሁም።

ይህ እንደደረሰዎ በመጀመሪያው ዐርብ በእኛ ጠዋት ይደውሉልኝ። እርስዎ ጋ ገና ሌሊት ነው፤ ይነሡልኝ። ቡ ዋርሲና አማቴ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ እንዴት እንደሚይዙኝ አሳይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ይጠይቁኝ። ከዚያ እኔ «እማዬ እንዴት ናት?» እላለሁ፤ እንደማያውቅ ሰው። እርስዎ ወዲያው አይንገሩኝ። አሟት ነበር ይበሉ። እኔ «አሁንስ ተሻላት?» እላለሁ።

ከዚያ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ኂሩት